በአበልጅ አካውንት

ቤርሳቤህ ከሥራ ወጥታ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለው የአበልጇ የዕፀገነት የጥልፍ ሱቅ ብቅ ስትል፣ ገና አረፍ ሳትል ክርክሩ ይጀመራል።

«አሁንም ይቺን ጉድ ይዘሻል?» ትላለች፣ የዕፀገነትን ስልክ ከጥልፍ መኪናው ጠርዝ ላይ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ። «ኧረ በማርያም! ይቺ እኮ ሙዚየም ነው መግባት ያለባት።»

«ሁለት ሲም ትይዛለች» ትላለች ዕፀገነት፣ ከጥልፏ ቀና ሳትል።

«ሁለት ሲም ይዛ አንዱንም በወጉ አታነሳ!»

«ሚሞሪ ካርድ ትቀበላለች። ያንቺው ይቀበላል? ቻርጀር ቢጠፋብኝ ከጎረቤት ሱቅ እዋሳለሁ። አንቺ ቻርጀርሽን እንደ መታወቂያ ይዘሽ ነው የምትዞሪው።»

«የኔ አይፎን አፕዴት በወጣ ሰሞን ይደርሰዋል። ይኸው ስንት ዓመት ያዝኩት፣ አንድ ቀን ስታክ አድርጎብኝ ያውቃል? ያንቺዋን የሠሯት ሰዎች ራሳቸው ረስተዋታል።»

ይሄኔ ከጥግ ቁጭ ብላ የቀሚስ ጠርዝ በእጇ የምትሰፋው፣ እንዳለች የምትባለው ሠራተኛ ጣልቃ ትገባለች። እንዳለች በዕድሜ ከሁለቱም ትበልጣለች፤ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ያለች ሴት ናት። የያዘችውም ካሜራ እንኳ የሌላት፣ ቁልፎቿ የተላላጡ ትንሽ ስልክ ናት። «ሲደወል ‹ሃሎ› ካስባለ ሌላው ቅብጠት ነው» ስትል ሦስቱም ይስቃሉ፤ ክርክሩም ለነገ ያድራል።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ነበሩ። የዕፀገነት አንድሮይድ እንዳሻት የምታደርገው ስልክ ነበር፤ ፊቱን ትቀይረዋለች፣ ፊደሉን ታሳድገዋለች፣ ዘፈን ከማንም ትቀበልበታለች። ግን ደግሞ አርጅቷል። ደንበኛ ፊት «ቆይ አንድ ጥለት ላሳይሽ» ብላ ስትነካው ቀጥ ብሎ ይቀራል። እሷ ታበራለች ታጠፋለች፣ ደንበኛዋ ሰዓቷን ታያለች፣ በመጨረሻም «በቃ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ትላለች። ይቺ ሌላ ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ አትመጣም።

ቤርሳቤህና ዕፀገነት ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛ ናቸው። የዕፀገነት ልጅ የማኑ አባት ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ አብራት ያለቀሰችው ቤርሳቤህ ናት። ማኑ ልደታ ቤተክርስቲያን ክርስትና ስትነሳም የተቀበለቻት እሷው ናት፤ ዕፀገነት በእጇ በጠለፈችው ነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ አወጣቻት። ከዚያ ወዲህ አበልጅ ሆኑ። አበልጅነት እንግዲህ ቀልድ አይደለም። እህት ትወለዳለች እንጂ አትመረጥም፤ አበልጅን ግን አስበሽበት፣ መርጠሽ፣ ቤተክርስቲያን ድረስ ይዘሽ ሄደሽ ነው። ዕፀገነትም ሰው ሲጠይቃት «እህቴ» አትልም ነበር፣ «አበልጄ» ነበር የምትለው።

የፋሲካ ሰሞን የባንኩ አፕ «ስልክዎ በጣም ያረጀ ስለሆነ አይሠራም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ዕፀገነት ለቤርሳቤህ ደውላ እየሳቀች ነገረቻት። ለበዓል ቤርሳቤህ ዶሮዋን ልትበላ ስትመጣ ትንሽ ካርቶን ይዛ መጣች። ለራሷ አዲስ አይፎን ገዝታለች፤ አሮጌው ለአበልጇ ነው። ዕፀገነት አልቅሳ አቀፈቻት።

«ግን አካውንቱ ምናምኑ ያንቺ አይደል?» አለች፣ ስልኩን እያገላበጠች።

«እሱን ተይው። አዲስ አካውንት ልክፈት ካልሽ ኢሜይል ይላል፣ ኮድ ይላል፣ የይለፍ ቃል ይላል፤ ራስ ምታት ነው። በኔው ይቀጥል። ያንቺና የኔ ደግሞ ምን ልዩነት አለው?»

አይ ዕፀገነት! ግን በሷ ብቻ አይፈረድም። ከሜክሲኮ እስከ አብነት ስልክ ገዝቶ የወጣውን ሰው አስቁማችሁ ጠይቁት። ኢሜይልህን ማን ከፈተልህ? ሻጩ። የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል? እሱው። አንተስ? «እኔ ስከፍተው ይከፈታል» ይላችኋል፣ ደረቱን ነፍቶ። ቤቱን በሰው ቁልፍ አስቆልፎ የማያድር ሰው፣ ስልኩ ላይ ሲሆን ቁልፉን ለሌላ ሰጥቶ ቤቱ ይገባል። ዕፀገነት ደግሞ የሰጠችው ለባዳ አልነበረም።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ጨዋታ ሆነላቸው። ቤርሳቤህ አዲሱ ስልኳ ላይ የምታነሳው ፎቶ ሁሉ ዕፀገነት ስልክ ላይ ይመጣል፤ የበላችው ክትፎ፣ የተቀባችው የጥፍር ቀለም፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ስትስቅ። ዕፀገነት ትደውላለች፤ «ዛሬ ደግሞ ክትፎ? እኛ ሽሮ ላይ ነን እኮ!» ቤርሳቤህ በሳቅ ትፈርሳለች። ከዚያ አንድ ሰሞን ፎቶዎቹ መምጣት አቆሙ። «ስልኬ ሞልቶብኝ ነው፣ በሱ ማንሳት ትቻለሁ» አለች ቤርሳቤህ። ዕፀገነት፣ ይግረማችሁና፣ ትንሽ ከፋት። ፎቶዎቹን ወዳቸው ነበር።

ስልኩንም ወደደችው። ካሜራው የክሩን ቀለም እንዳለ ያነሳላታል፣ ደንበኛ ፊት አያሳፍራትም። «ልክ ነበረች ቤሪ» ትላለች ለእንዳለች፣ እንዳለችም «እሺ በይ፣ ተሸነፍሽ» ትላታለች። ዕፀገነት አዲስ ጥለት ስታወጣ ወረቀት ላይ ትስለዋለች፣ ፎቶ ታነሳዋለች፣ ከዚያ ወረቀቱን ቀዳ ትጥለዋለች። ሰፈሩ ሌባ ዓይን የሞላበት ነው፤ ወረቀት ይታያል፣ ይሰረቃል። «አይፎን ውስጥ የገባ ነገር ማንም አይደርስበትም» ብላታለቻ ቤርሳቤህ።

ነፊሳ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እዚያው ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ፣ የሰርግ ጉዳይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እነሱ «ጎበዝ» ያሏት ጠላፊ ጎበዝ ትባላለች፣ የጠሏት ደግሞ ሱቋን መዝጋት ነው። ልጅቷ ልታገባ ነው፤ ለሰርጓ ማንም ለብሶት የማያውቅ ቀሚስ ትፈልጋለች።

«ሌላ ሰው ላይ እንዳላየው እትዬ ዕፀገነት።»

«ማርያምን! ካንቺ ሌላ ገላ ላይ አያርፍም» አለች ዕፀገነት።

ዕፀገነት ሌላ ሀብት የላትም። ሱቁ ኪራይ ነው፣ መኪናው አሮጌ ነው። ያላት «የዕፄ እጅ አይደገምም» የሚባልላት ስሟ ብቻ ነው፤ ማኑን የምታሳድገውም በሱ ነው። ስለዚህ ለነፊሳ ጥለት ፍለጋ ሰፈሩን ዞረች። ከሱቋ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ አንድ የዛገ የድሮ የብረት በር አለ፤ ብረቱ እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። መኪና ገጭቶት ይሁን ዕድሜ፣ በግራ በኩል አንዷ ጥምዝ ጎብጣ ወደ ኋላ ዞራለች። ዕፀገነት ሁሉንም ሳለችው፣ የጎበጠችዋን ጭምር፤ በግራ እጅጌ ላይ አሳረፈቻት። እየሳለች የሻይ ብርጭቆዋን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ክብ ምልክት ተወበት። ፎቶ አነሳችው፣ ወረቀቱን ቀደደችው። ከዚያ በአረንጓዴና በወርቃማ ክር ጀመረች። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅም፤ እንዳለች እንኳ፣ ለማሞገስ የምትሳሳው ሴትዮ፣ «ይሄስ እጅሽ አይደለም፣ ሌላ ነገር ረድቶሻል» አለቻት።

ቀሚሱ ጠርዙ ብቻ ሲቀረው፣ ስትለካው ጥለቱ ከየትኛው በር እንደመጣ ሰምታ የነበረችው ነፊሳ ገባች። ሰላም አላለችም። ስልኳን አውጥታ ዕፀገነት አፍንጫ ሥር ያዘች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

የሰርግ ቪዲዮ ነው። የማያውቋት ሙሽራ ከመኪና ትወርዳለች። ቀሚሷ ላይ ከደረት እስከ እግር አረንጓዴና ወርቃማ ጥምዝ ይወጣል፤ ሙሽራዋ ለሰው እጇን ስታወዛውዝ በግራ እጅጌዋ ላይ የጎበጠችው ጥምዝ ወደ ኋላ ዞራ ትታያለች።

«ለማን ሸጡት?» አለች ነፊሳ።

«ልጄ፣ በማኑ ሞት! ካንቺ ሌላ ለማንም አላሳየሁም!»

«ታዲያ በሩ ራሱ ሄዶ ነገራቸው? እናቴ ለዘመዱ ሁሉ ‹የልጄን ቀሚስ የሚመስል የለም› ብላ አውርታ ነበር። አሁን የአማቾቼ ሰዎች ይስቁብኛል። እኔ እኮ እርስዎን ነው ያመንኩት እትዬ።» ቀሚሱን ሳትነካው ወጣች። በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ነበር፤ ሥራ አዘው የነበሩ ሁለት ሴቶች መጥተው ጨርቃቸውን ወሰዱ።

ቤርሳቤህ ስትመጣ ዕፀገነት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ቤርሳቤህ ጀርባዋን አሻሸቻት፣ መሐረብ ሰጠቻት፣ አብራት እንባ አወጣች።

«ስልኩ ይሆን እንዴ? የሆነ ሰው ገብቶበት?» አለች ዕፀገነት።

«አይፎን እኮ ነው ዕፄ! አይሆንም። ይሄ የስልክ ሥራ አይደለም፣ የሰው ሥራ ነው።» ቤርሳቤህ ዓይኗን ወደ ጥጉ ወረወረች። እንዳለች ክር ልትገዛ ወጥታ ወንበሯ ባዶ ነበር። «እዚህ ሱቅ ውስጥ ካንቺ ሌላ ጥለቱን ያየ ማን አለ? እኔ ምንም አላልኩም። ግን አስቢበት።»

በዚህ መሐል ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ጮኸ፤ ጥሪው የአይፎኗ አይደለም። እጇን ሰድዳ አፈነችው። ዕፀገነት ጫፉን አየችው።

«አንድሮይድ? አንቺ?»

«የመሥሪያ ቤት ነው ባክሽ፣ ግድ ብለው ሰጡኝ» አለች ቤርሳቤህ፣ ዚፑን እየዘጋች። ሌላ ቀን ቢሆን ዕፀገነት በዚህ ብቻ ወር ሙሉ ታሾፍባት ነበር። ያን ቀን ግን ማሾፊያ አንጀት አልነበራትም።

እንዳለች ክሩን ይዛ ተመለሰች። ቤርሳቤህ ሄዳለች። ዕፀገነት ቃሉን ከአፏ እስክታወጣ ድረስ መኪናውን ስትጠርግ ቆየች፤ ከዚያ ሳታያት ተናገረች።

«እንዳለች፣ ጥለቱን ለማን ነው የሰጠሽው?»

እንዳለች ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ምን አልሽ?»

«ከሙሽራዋ በቀር ካንቺና ከኔ ሌላ ያየው የለም።»

«እኔ ያየሁት ጨርቁ ላይ ሲወጣ ነው። ወረቀቱን እንኳ ሳታሳይኝ ነው የቀደድሽው። ስልኬ ደግሞ ካሜራ የላትም፣ አንቺው ታውቂያለሽ።»

«በቃልም ይነገራል።»

እንዳለች አልጮኸችም፣ አልማለችም፣ አላለቀሰችም። ሽርጧን ፈትታ አጣጥፋ ወንበሯ ላይ አኖረች። «ማኑን በጀርባዬ አዝዬ ነው እዚህ ሱቅ የሰፋሁት» አለች፣ ለዕፀገነት ሳይሆን ለግድግዳው። ወጣች። ትልቁን መቀሷን፣ ለማንም የማታውሰውን፣ ረስታ ሄደች።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ዕፀገነት ዚፕ ልትገዛ ሜክሲኮ ወጣች፤ ስትመለስ የታክሲ ሰልፍ ይዛ ስልኳን ከፈተች። ፎቶዎቹ መጨረሻ ላይ እሷ ያላነሳችው ፎቶ አለ። ገና አሁን የገባ ነው።

ብርሃን የሞላበት ክፍል። የኮምፒውተር ጥልፍ መኪና፣ መርፌዎቹ በሰልፍ ቆመዋል፤ ከሥራቸው አረንጓዴና ወርቃማ ጥምዝ። ጠረጴዛው ላይ የሷ ሥዕል ታትሞ ተዘርግቷል። የሷ መሆኑን በምን አወቀች? የሻይ ብርጭቆው ክብ ምልክት ከነቦታው አለ። በእጇ የቀደደችው ወረቀት! ጨርቁን የወጠረች አንዲት እጅ ከጠርዝ በኩል ትታያለች፤ የጥፍሩ ቀለም፣ ቀለበቱ፣ ሁሉም ያው ናቸው። ያቺን እጅ ዕፀገነት ከገዛ እጇ እኩል ታውቃታለች።

«ወይኔ ማርያም» አለች ድምፅ አውጥታ። ከፊቷ ያሉት ዞረው አዩዋት።

የሷ ፎቶ ወደኔ ሲመጣ ስስቅ ነበር፤ የኔስ ወደ የት ነበር የሚሄደው? እንዲህ ብላ አንድ ቀን እንኳ ራሷን አልጠየቀችም። አሁን ሁሉም ባንድ ጊዜ ተገለጠላት። ያ አንድሮይድ ለምን እንደተገዛም ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰድበው የኖረችውን ስልክ ቤርሳቤህ የያዘችው የድብቅ ጥልፍ ሥራዋን ልታነሳበት ነው፣ ያነሳችው ወደ ዕፀገነት እንዳይመጣ። አይፎኗን ደግሞ የዕፀገነትን ፎቶ ለማየት ብቻ አስቀመጠችው። ዛሬ ወይ የአንድሮይዱ ባትሪ አልቆባት፣ ወይ እጇ ለምዶባት ይሆናል በአይፎኑ ያነሳችው። ዕፀገነት ተራዋ ደርሶ ረዳቱ «እትዬ ይግቡ እንጂ!» እያለ ሲጮህ እሷ ሰልፉን ትታ በእግሯ ትሄድ ነበር።

በቀጥታ የነፊሳ እናት ሱቅ ገባች። ነፊሳ ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች።

«አገኘሁት፣ ነይ እይ! ማን እንደሰረቀኝ እይ!» ስልኩን ከፈተች። ፎቶው የለም። ወደ ላይ ገፋች፣ ወደ ታች ገፋች፤ የራሷ ክሮች፣ የራሷ ጨርቆች፣ ማኑ በዩኒፎርም። «አሁን ነበር እኮ! በዓይኔ ነው ያየሁት!»

ነፊሳ ስልኩን ተቀብላ የተሰረዙት የሚቀመጡበትን ቦታ ከፈተችላት። ባዶ ነው። መለሰችላት፤ ቁጣዋም አልቆ ነበር፣ እሱ ባሰ። «ይተዉት እትዬ። አልፏል። ሌላ ቀሚስ ገዝተናል።»

ዕፀገነት ሱቋ ተመልሳ በሩን ገርበብ አደረገችው። ስልኩ መኪናው ላይ ተቀምጧል፣ እሷም አፍጥጣ ታየዋለች። ቤርሳቤህ እዚያ ውስጥ ናት። ስህተቷን አይታለች፣ ጠርጋለች፤ እዚያ የተሰረዘ እዚህም ይጠፋል። አሁንም ትጠብቃለች። ዕፀገነት ተነሳች፤ ከመደርደሪያው ታች ካለው ሻንጣ ማኑ ክርስትና የተነሳችበትን ነጠላ አወጣች። መኪናው ላይ ዘረጋችው፣ በእጇ የጠለፈችው መስቀል መሐል እንዲውል አስተካከለች። ፎቶ አነሳችው። ቃል አልጻፈችም፤ ይሄን ነጠላ ከሷ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ፎቶው ስልኩ ላይ ተቀመጠ። ዕፀገነት ጠበቀች። ትደውልልኛለች አለች በልቧ። እያለቀሰች ትደውላለች፣ «አበልጄ ሰይጣን አሳሳተኝ» ትለኛለች። እና እውነቱን እንነጋገር፣ እንዲያ ብትላት ይቅር ልትላት አንጀቷ ተዘጋጅቶ ነበር።

ፎቶው ጠፋ። ዓይኗ እያየ፣ ማንም ሳይነካው፣ ነጠላው ከስልኩ ላይ ወጥቶ ሄደ።

ራሷ ደወለች። ቤርሳቤህ ወዲያው አነሳች። «ዕፄዬ! እንዴት ዋልሽ? ማኑ ደህና ናት?»

«አሁን የሰረዝሽውን አየሽው?»

ቤርሳቤህ ሳቅ አለች፤ «የቱን? ምን ሆነሻል አንቺ? ስልኩ አስቸገረሽ እንዴ?»

«ስልኩስ አላስቸገረኝም» አለች ዕፀገነት፣ ዘጋችው። ሲሟን ነቅላ አወጣች፤ ስልኩን ቤርሳቤህ ባመጣችበት ካርቶን ውስጥ መልሳ ከተተችው። ከመሳቢያው አሮጌውን አንድሮይድ አውጥታ ሲሟን ከተተችበት። ለመነሳት ብዙ ጊዜ ወሰደበት፣ ግን ተነሳ።

የእንዳለችን መቀስ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ አብነት ወረደች። መንገድ ላይ የምትለውን ስታዘጋጅ ሄደች፤ «አጠፋሁ»፣ «ታለልኩ»፣ «ነይ ወንበርሽ ባዶ ነው»። እንዳለች የቆርቆሮ በሯን ከፈተች፣ ግን ግማሹን ብቻ። ዕፀገነት ካዘጋጀችው አንዱንም አላለችም።

«ቤሪ ናት» አለች። «ቤሪ ነበረች፣ እንዳለች።»

«አውቃለሁ። እኔ ካልሆንኩ፣ ሱቁ የምትመላለሰው እሷ ብቻ ናት» አለች እንዳለች።

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። ለማን ሰጠሽው ነው ያልሽኝ።»

ዕፀገነት የተጠቀለለውን መቀስ ዘረጋችላት። እንዳለች ተቀበለች፣ ጨርቁን ፈታ አየችው፣ ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ጨርቁን አጣጥፋ መለሰችላት።

«መቀሴን ስላመጣሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።